የደብሪቱ ፊትና የቆዳ ነጋዴው ምርምር

ይህን ወሬ ያቀበሉኝ የቆዳ ነጋዴው አያ ገበየሁና ራሷ ጎረቤቴ ደብሪቱ ናቸው። የጎደለውን እኔ ራሴ በአጥሬ ቀዳዳ ሞላሁት። ቀዳዳውን እኔ አልበሳሁትም፤ ቆርቆሮው ተገዝቶ ሲመጣ ጀምሮ የምስማር ቀዳዳ ነበረበት። ከዓይኔ ትክክል ላይ መዋሉ ደግሞ የአናጢው ሥራ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለ ምስክር የምታወራ ሴት ናት እንዳትሉኝ ነው።

እርጅና አመጣጡ ያስቃል። የራስን ለማየት መስታወትና ደህና ብርሃን ያስፈልጋል፤ የጎረቤትን ለማየት ግን ደጅ መውጣት ይበቃል። ስለዚህ እኔ የእትዬ ደብሪቱን ሽብሽብ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ እሷም የእኔን ታውቀዋለች። ሃያ ዓመት በአንድ ቆርቆሮ ተለያይተን ስንኖር ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን በግልጽ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። በግልጽ ያልተነጋገርነውን ግን በአጠራር እንነጋገረዋለን። እኔ እሷን እትዬ ደብሪቱ እላታለሁ፤ እሷም እኔን እትዬ የሺ ትለኛለች። እትዬ የሚባለው ታላቅ ነው አይደል? እንግዲህ ሁለት ሴቶች እርስ በርስ እትዬ ከተባባሉ አንዷ እየዋሸች ነው። የትኛዋ እንደሆነች ለመፍረድ እናንተ ሩቅ ናችሁ፤ እኔ ደግሞ ባለ ጉዳይ ነኝ። እንለፈው።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ደብሪቱ ያደገችው ከጎንደር ወጣ ብሎ ወለቃ አፋፍ ላይ ነው። ከእነሱ ቤት ማዶ የቤተ እስራኤል ቤቶች ነበሩ፤ ከእነዚያም በአንደኛው ቤት ወርቅነሽ የምትባል የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። ሁለቱ ልጆች ቀኑን ሙሉ ጭቃ በእግራቸው ሲረግጡ ነው የሚውሉት። ማታ ደብሪቱ ስትመለስ እናቷ እጇንና እግሯን በአመድ ፈትገው ያጥቧታል። ያኔ ሰው ስለ ሸክላ ሠሪ የሚያወራው ክፉ ነገር ነበር፤ እዚህ አልደግመውም። ወሬ እወዳለሁ እንጂ ሁሉን ወሬ አልወድም።

አንድ ቀን ወርቅነሽ ደጃፋቸው ላይ ቆማ ውሃ ለመነች። የደብሪቱ እናት ቤት ውስጥ ስንት ጣሳና ዋንጫ እያለ በሰባራ ገል ቀድተው ሰጧት፤ ስትጨርስም ገሉን እዚያው ወረወሩት። ገሉ የማን ገል ነው? የወርቅነሽ እናት የሠራችው የእንስራ ስባሪ ነው። ደብሪቱ በሩ ላይ ቆማ አየች፤ ምንም አላለችም። በዓመቱ እነወርቅነሽ ወደ እስራኤል ሄዱ። መሄዳቸውን ደብሪቱ የሰማችው ቤታቸው ባዶ ሆኖ ስታገኘው ነው። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነ፤ ደብሪቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከምግቡ በፊት ውሃ የምታቀርበው ለምን እንደሆነ ይህን ስትነግረኝ ነው የገባኝ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት አንድ የወለቃ ሰው የወርቅነሽን ስልክ ቁጥር አመጣላት። መጀመሪያ በድምፅ ተገናኙ፤ ሁለቱም አለቀሱ። ቀጥሎ ፎቶ ተላላኩ። የዛሬ ስልክ ሰው አክባሪ ነው፤ ፊት ላይ ያለውን ሁሉ አያይም፤ ያየውንም አይናገርም። ደብሪቱ ያነሳችው ፎቶ ላይ እንደ ተላገ እንጨት ለስልሳ ወጣች። ወርቅነሽም የላከችው እንደዚያው፤ አፍንጫዋ እንኳ የት እንዳለ በፍለጋ ነው የሚገኘው። ሁለቱ ስልኮች ዋሹ፤ ሁለቱ ሴቶች ግን ውሸቱን ይዘው ቀሩ። ፊት ለፊት እየተያዩ በሚወራበት በቪዲዮው አውሩ ሲባሉ አንደኛዋ ኔትወርኩ ደካማ ነው ትላለች፤ ሌላዋም እዚህም ደካማ ነው ትላለች። የዚያን ሰሞን ኔትወርኩ እንደ ጎርፍ ነበር።

ከዚያ ወርቅነሽ እመጣለሁ አለች። ከዘመዶቿ ጋር ወለቃን ለማየት ነው። ቅዳሜ ሰንበቷ ስለሆነ አትንቀሳቀስም፤ እሑድ ጧት ደብሪቱ ቤት ትደርሳለች፤ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኗ ይነሳል። ደብሪቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ የምታደርገውን ነገረችኝ። ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አፉ ወርቅ የተቀባ ብርጭቆ ገዝታ በእሱ ውሃ ልትሰጣት ነው። ሁለተኛ፣ ፊቷን የፎቶውን ልታስመስል ነው። «ያኔ ጎድዬ አይታኛለች፤ አሁን ደግሞ ከፎቶዬ ጎድዬ አታየኝም» አለችኝ። ብርጭቆውን በማግስቱ ገዛች። የቀረው ፊቱ ነበር።

መድኃኒት ቤት ሄዳ ጠይቃ ነበር። የሸጡላት ቅባት በሦስት ወር ለውጥ ያሳያል ይላል። ወርቅነሽ ደግሞ ሦስት ወር ደጃፍ ላይ ቆማ አትጠብቅም። ስለዚህ ደብሪቱ ቆዳ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሄደች፤ ጎንደር ውስጥ ደግሞ ከአያ ገበየሁ የበለጠ ቆዳ የሚያውቅ የለም።

አያ ገበየሁ ከገበያው በላይ ያለ መጋዘን ውስጥ የበግና የፍየል ቆዳ በጨው ሲደረድር የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚያወራው ስለ ቆዳ ብቻ ነው። በእሱ መጋዘን በር ላይ ቆሞ ረዘም ያለ ጨዋታ መጫወት የሚችለው ጉንፋን የያዘው ሰው ነው። ደብሪቱ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ገባችና ጉዳይዋን ነገረችው። እሱም እንደ ሐኪም ወንበር ሰጣት፤ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረ፤ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀና እስኪመለስ በልቡ ቆጠረ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ግን ቀዳዳ የለውም» አለ።

ደብሪቱ ይህን ሙገሳ ነው ብላ ወሰደችው። ከአያ ገበየሁ አፍ ደግሞ በእርግጥም ሙገሳ ነው።

የመጀመሪያ ግኝቱን ለእኔም ደጋግሞ አስረድቶኛል። ቆዳ ቆዳ ነው ይላል፤ በግ ለበሰው ሰው ለበሰው ለውጥ የለውም። ሰው እድሜ አስረጀኝ ይላል፤ እድሜ ቆዳን አይነካም። መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ዓመት የተቀመጠ የበግ ቆዳ አለ፤ አንድ ሽብሽብ የለበትም። ለምን? ተዘርግቶ ስለተቀመጠ። የቆዳ ጠላት መታጠፍ ነው። ሰው ደግሞ የሚታጠፈው መቼ ነው? ሲስቅ፣ ሲቆጣ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሩቅ ሲያይ። ስለዚህ ደብሪቱ እንግዳዋ እስክትመጣ ድረስ መሳቅ የለባትም፤ መቆጣት የለባትም፤ ሩቅ ያለ ነገር ማየት ካስፈለጋት ሄዳ በቅርብ ትየው። የበጉ ቆዳ ያልሳቀው በጉ ሞቶ ስለሆነ ነው ብዬ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ሰው በሙሉ ልቡ ሲመራመር ማቋረጥ ነውር ነው።

ደብሪቱ ፊቷን ዘርግታ መኖር ጀመረች። ውሃ ስታስቀዳ ፊቷ ዝርግ፤ ሽንኩርት ስትገዛ ፊቷ ዝርግ፤ እኔ ሰላም ስላት በጥርሶቿ መካከል ደህና ነኝ ትላለች። አምስተኛው ቀን የማርያም ማኅበር ነበር። አንዷ ማኅበርተኛችን ሰርግ ቤት ተሳስታ ገብታ የማታውቀው ሰው ሰርግ ላይ እስከ ማታ ተቀምጣ መብላቷን ስታወራልን ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ደብሪቱ ብቻ እንደ ግድግዳ ተቀመጠች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

በአገራችን የማይስቅ ሰው መርዶ ያለበት ሰው ነው። በማግስቱ ጧት ሦስት ማኅበርተኞች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የደብሪቱን ግቢ ገቡ፤ ማን እንደሞተ እስኪነገራቸው ግድግዳውን ተደግፈው ዝም ብለው ተቀመጡ። ደብሪቱም ማን እንደሞተ የሚነግሯት እነሱ መስለዋት ዝም አለች። ከጥቂት ቆይታ በኋላ አንደኛዋ የራሷ ወንድም ትዝ አላትና ማልቀስ ጀመረች። ሁለተኛዋም እናቷን አነሳች። ደብሪቱም ከእነሱ ብሳ አለቀሰች። እኔስ? እኔ በቀዳዳው በኩል ሆኜ አለቀስኩ። ማንም ሳይሞት ሸጋ ልቅሶ ተለቀሰ። አያ ገበየሁ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ፤ ልቅሶ ፊትን ከሳቅ እጥፍ ያጣጥፋል፣ የአምስት ቀን ሥራዬ በአንድ ጧት ፈረሰ አለ።

ሁለተኛው ግኝት ከድንች የመጣ ነው። አያ ገበየሁ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነው፤ አምባ ጊዮርጊስ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይገባል። እዚያ ጎተራ ውስጥ የተቀመጠ ድንች ወራት ቢቆይም ፊቱ እንደ ሙሽራ ነው ይላል፤ ያንኑ ድንች ጎንደር አምጥተሽ ብትጥይው በሳምንቱ አያትሽን ይመስላል። ልዩነቱ ምንድነው? አየሩ ነው። እንግዲህ ደብሪቱ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረች። መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ መስኮቱን ከፍታ ፊቷን ለነፋሱ ሰጠች። በአውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። ከኋላ ዝጊው ይላል፤ ከፊት ምች ሊያስመቱን ነው ይላል፤ አንዱ ሽማግሌ ጋቢውን ተከናንቦ ኑዛዜውን መናገር ጀመረ። ደብሪቱ እንዳትቆጣ ፊቷ መታጠፍ የለበትም፤ እንዳትለማመጥም ፈገግታ ክልክል ነው። ስለዚህ እንደ ጣዖት ፊት ለፊቷን እያየች አምባ ጊዮርጊስ ደረሰች።

እዚያም ገበያው ጫፍ ላይ ቆማ ፊቷን ለነፋስ ስታሰጣ ዋለች። ስትመለስ ጉንጯ እንደ ተጠበሰ በቆሎ፣ ከንፈሯ እንደ ደረቀ ማሳ ሆኖ ነበር። አያ ገበየሁን ያዝኩት። የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ራሱ ምነው እንደ ድንቹ ያልሆነ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ጎተራ ውስጥ አይኖርም» አለኝ። 

እሑድ አምስት ቀን ቀረው። ሦስተኛው ግኝት የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ለትንሽ ጊዜ አሳምኖኝ ነበር። ለጋ ቅቤ ሳይውል ሳያድር ይሻግታል፤ የተነጠረ ቅቤ ግን ዓመት ቢቆይም አይሞትም። ለምን? ሲነጠር እርድ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት ስለሚገባበት ነው። ቅቤን ከእርጅና የጠበቀ ቅመም ሰውን የማይጠብቅበት ምን ምክንያት አለ? አያ ገበየሁ ራሱ በእጁ ለወሰላት፤ ቅቤ፣ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ እርድ። እርዱን እፍኝ ሙሉ አደረገው። ለምግብ ቢሆን ቆንጠር ማድረግ ይበቃል፤ ይህ ግን ለሠላሳ ዓመት እዳ ነው አለ። ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ጧት ትቀባለች፤ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች፤ እሑድ የፎቶዋን ሴት ትመስላለች።

አሁን እናንተ በጾም ቀን ቅቤ እንዴት ይሆናል ትላላችሁ። ደብሪቱም ያንኑ አለች። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። የንስሐ አባቷን ጠየቀች። እሳቸውም ረጅም ጊዜ ካሰቡ በኋላ ፊት አይበላም፣ በፊት ላይ የተቀባ አያስገድፍም፣ ነገር ግን ቀልጦ ከንፈርሽ ላይ ከወረደ እኔ የለሁበትም አሏት። ደብሪቱ ጥንቁቅ ሴት ናት። በአፏ ዙሪያ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ባዶ ትታ የቀረውን ከግንባሯ እስከ አንገቷ መረገችው። ሦስት ጧት እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ተሰጣች። ዝንቦቹ ሁሉ የእሷን ግቢ መረጡ፤ እኔ ቤት ለሦስት ቀን ዝንብ አላየሁም።

እኔ እንኳ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም።

ቅዳሜ ጧት ታጠበች። ቅቤው ወረደ፤ ኮሰረቱ ወረደ፤ እርዱ ግን ቀረ። በሳሙና ታጠበች፤ ቀረ። በእንዶድ ታጠበች፤ ቀረ። በሎሚ፣ በመጨረሻም እናቷ ጭቃዋን ያጥቧት በነበረው በአመድ ፈተገችው፤ ይባስ ብሎ አብረቀረቀ። ፊቷ በሙሉ አደይ አበባ ይመስል ቢጫ ሆነ፤ ያፏ ዙሪያ ብቻ እንደ ድሮው ጠይም። የሰፈሩ ሴቶች በበሩ ቀዳዳ ተራ በተራ እያዩ የወፍ በሽታ ነው ብለው ፈረዱ። አንዷ ዓይኗን አይታ ዓይኗ ነጭ ነው ብትል ሌላዋ በሽታው ገና ዓይኗ ጋ አልደረሰም አለች።

ከሰዓት በኋላ ደብሪቱ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «እትዬ የሺ፣ ነገ ወርቅነሽ ስትመጣ ሳንጃ ሄዳለች በያት። ሰሊጥ አጨዳ ሄዳለች በያት» አለችኝ።

ምነው እትዬ ደብሪቱ፣ አልኳት። ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ በር ይዘጋበታል ወይ? መጀመሪያ በገል አጠጣችሁኝ፣ አሁን ደግሞ በር ዘጋችሁብኝ ብትል ምን ትመልሻለሽ?   «እንዲህ ሆኜ ብርጭቆ ባቀርብላት ታዝንልኛለች እንጂ ይቅር አትለኝም። በማዘንና ይቅር በማለት መካከል ያለውን ልዩነት እኔ አውቀዋለሁ» አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንዲት ነጭ ማኪና በሩ ላይ ቆመች። ሮጬ ወጣሁ። ወርቅነሽ ወረደች። ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርጋለች፤ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ጠምጥማለች። ከፊቷ የሚታይ ነገር የለም። ፀሐዩ ነው አለችኝ። ሰማዩ ደመና ነበር፤ ግን እንግዳ አይታረምም።

እትዬ ደብሪቱ የለችም አልኳት፤ ሳንጃ ሰሊጥ አጨዳ ሄዳለች።

«በዚህ እድሜዋ?» አለች።

ምን እድሜ አላት ብለው ነው አልኩ። ለጎረቤቴ ስል ዋሸሁ፤ አምላክ ለጎረቤት የተዋሸውን ለብቻ ይጽፈዋል ብዬ ነው። ወርቅነሽ በሩ ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና «እሰይ፣ ተመስገን» አለች።

ከቆርቆሮው በር ጀርባ አንድ ነገር ጓ አለ። «ምነው ወርቅነሽ፣ እሰይ ያልሽው?» አለ የደብሪቱ ድምፅ።

ሳንጃ ከጎንደር ሩቅ ነው፤ ድምጿ ግን ቅርብ ነበር። ወርቅነሽ ብድግ አለች። «ደብሬ?» አለች። «የለሁም» አለች ደብሪቱ። ወርቅነሽ ወደ በሩ ተጠጋች፤ ቆርቆሮው ላይ እጇን አሳረፈች። እሰይ ያልኩት አንቺን ጠልቼ አይደለም አለች፤ እንዳታይኝ ፈርቼ ነው። የፎቶዋን ሴት ልትመስል ስትል በሷ አገር አንዲት ቅባት አዋቂ ዘንድ ሄዳ ኖሯል። አሮጌው ቆዳ ይላጣል፣ በሰባተኛው ቀን አዲሱ ይመጣል አለቻት። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። «አሮጌው ሄዷል ደብሬ፤ አዲሱ ግን ገና አልመጣም» አለች።

 ወርቅነሽ ቀጠለች። መንገዱን ሁሉ የማስበው በሩን ነበር አለች፤ የለችም ብትባል እንዴት ብዬ እመለሳለሁ እያልኩ ነበር። የለችም ስባል ግን ደስ አለኝ፤ ደስ በማለቴ ደግሞ አዘንኩ አለች።

ያን ጊዜ መቀርቀሪያው ተከፈተ። ደብሪቱ ቢጫ ፊቷን ይዛ ወጣች፤ በእጇ ወርቅ የተቀባው ብርጭቆ ውሃ ሞልቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት ስታዘጋጀው የኖረችው ንግግር እንደነበራት አውቃለሁ፤ ከፊሉን ለእኔ ብላልኛለች።  ንግግሩን ትታ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ዘረጋችላት። ወርቅነሽ መነጽሯን አወለቀች፤ ሻርፗን ፈታች። ፊቷ እንደ ተላጠ ቲማቲም ነው። ብርጭቆውን ተቀበለች፤ አፉን ዞር አድርጋ አየችው፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣች። «ብርጭቆ ገዛሽ» አለች። «ገዛሁ» አለች ደብሪቱ። ስለ ገሉ የተባባሉት ይህንኑ ብቻ ነው።

ከዚያ ወርቅነሽ ደብሪቱን አተኩራ አየቻትና ምነው አፍሽ ዙሪያ ብቻ ሰው መሰልሽ አለቻት። ደብሪቱ በትሕትና፣ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነበር አለች።

እዚህ ላይ ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ደብሪቱ ሁለት ሳምንት ያጠራቀመችውን ሳቅ በአንድ ጊዜ አወጣችው፤ ሽብሽቦቿ ሁሉ ስማቸው እንደ ተጠራ ተማሪ ተነስተው ቆሙ። እኔም አብሬ ስስቅ ወርቅነሽ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ እትዬ፣ ምነው ፊትዎ አረንጓዴ?» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር። ቅዳሜ ማታ ትንሽ ዳማከሴ ጨምቄ ተቀብቼ ነበር፤ በጥድፊያ መታጠቡን ረሳሁት። በአያ ገበየሁ ምርምር አምኜ አይደለም። የእኔ የራሴ ነው። ዳማከሴ ምች ያወጣል፤ እርጅና ደግሞ ሲታሰብ ረጅም ምች ነው። ደብሪቱ ግን ይህን ለመስማት ጊዜ አልነበራትም፤ አጥሩን ተደግፋ እትዬ አለችሽ፣ እትዬ አለችሽ እያለች ትስቃለች። እንዲህ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሆነን በሩ ላይ ተሰልፈን ቆምን። ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። ስለሞቀኝ ነው ይላል፤ እኔ አላምነውም።

ወደ ውስጥ ገብተን ሽምብራ ቆሎ ቀርቦ ወርቅነሽ ቦርሳዋን ከፈተች። ለደብሪቱ ያመጣችው ስጦታ ወርቃማ የቅባት ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ላይ የሴት ፊት አለበት፤ ሴትየዋ ተወልዳ ሁለት ሳምንት የሆናት ትመስላለች። በእኛ አገር ከዚህ የሚበልጥ የለም አለች፤ ከሙት ባሕር ዳር የሚወጣ ነው፤ ፈረንጅ ከዓለም ዳርቻ እየመጣ ይቀባዋል። ደብሪቱ ከፈተችው፤ ጣቷን አስገባች፤ አሸተተችው፤ በሁለት ጣቷ አሸችው። የጭቃ ልጅ ናትና ጣቷ አልሳታትም።

«ወርቅነሽ፣ ይሄ ጭቃ ነው» አለች።

«ጭቃ ነው» አለች ወርቅነሽ።

ደብሪቱ ቆርቆሮውን አገላበጠች። እናቴ ይህን ከእግሬ ስታጥብ ቆዳዬን ትልጥ ነበር አለች፤ አንቺ በወርቅ ቆርቆሮ አምጥተሽልኝ በፊቴ ልቀባው ነው። ወርቅነሽም የእኔ እናት ሰው እንዳይሰድባት ማታ ማታ ጥፍሯን በእሾህ ትጠርግ ነበር፤ ዛሬ ብትኖር በውበት ሳሎኗ በር ላይ ወረፋ የሚያዝላት ሴት ነበረች አለች። የወለቃው ጭቃ ከዚህ ይለሰልስ እንደነበር ሁለቱም ተስማሙ፤ አሸዋ የለበትም። ቢሆንም የመጣው መጥቷልና ተቀባን። እኔንም ቀቡኝ፤ እምቢ አላልኩም።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስታችንም ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቢጫው የለም፤ ቀዩ የለም፤ አረንጓዴው የለም። ሽብሽብ የለም። ሦስት ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እድሜ የሌላቸው ፊቶች። ወርቅነሽ ስልኳን ለሹፌሩ ሰጥታ ፎቶ እንዲያነሳን ለመነችው። በልቤ ይኸው አልኩ፤ ከአያ ገበየሁ ምርምር ሁሉ የወጣው ይህ ነው፤ አሁን ማንም ቢመጣ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ መለየት አይችልም።

ሹፌሩ ስልኩን አነጣጠረና «እማማ፣ ትንሽ ጠጋ በሉ» አለ።

ሦስታችንም እማማ የሚለው ማንን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ ዞርን። ከኋላችን ግድግዳው ብቻ ነበር።

በኋላ ለብቻው ጠየቅሁት፤ በሩ ላይ ያየኸው ቀለም፣ እዚህ ያየኸው ጭቃ፤ እማማ መሆናችንን በምን አወቅህ አልኩት። እጃችሁን አይቼ ነው አለኝ።

ወርቅነሽ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኑ ላይ ደረሰች፤ ከግራ ጆሮዋ ጀርባ ያለውን ጭቃ ያየችው አገሯ ከገባች በኋላ እንደሆነ ደውላ ነግራናለች፤ አሁን ኔትወርኩ ለፊት ለፊት ጨዋታም ደህና ሆኗል። አያ ገበየሁ ስለ እጅ መመራመር ጀምሯል። እኔን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ይለኛል። የደብሪቱ ቢጫነት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለቀቀ፤ የሙት ባሕሩ ጭቃ አለቀ፤ ወርቃማውን ቆርቆሮ አጥባ እርድ አስቀምጣበታለች።